ፎቅ ላይ 1000 ሊትር አኳሪየም፦ ወለሉ ይችለዋል ወይ ብለህ ለጠየቅከው

ወንድሜ፣ «ፎቅ ላይ ባለ ሳሎን 1000 ሊትር አኳሪየም ባስቀምጥ ወለሉ ይችለዋል?» ያልከውን ሳይ ዝም ማለት አልቻልኩም። የእኔም ያንተን ያህል ነው፤ ርዝመቱ 2 ሜትር፣ ወርዱም ቁመቱም 70 ሳንቲም።

1. ክብደቱን ደምር። ውሃው ብቻ 1 ቶን ነው። የ15 ሚሊ ሜትር መስታወት ከሆነ እሱ ራሱ 190 ኪሎ ይሆናል። 5 ሳንቲም አሸዋ ከ100 ኪሎ ያልፋል። ድንጋዩና ማስቀመጫው ሲጨመር 1400 ኪሎ ይደርሳል። ይሄ ሁሉ የሚያርፈው 1.4 ካሬ ሜትር ላይ ነው። የመኖሪያ ቤት ወለል አብዛኛውን ጊዜ የሚሰላው በካሬ 200 ኪሎ ገደማ ለሚሆን ጭነት ነው። አትደንግጥ፣ ያ ስሌት ወለሉ ሁሉ ቢሞላ ተብሎ ነው። ወሳኙ የምታስቀምጥበት ቦታ ነው።

2. ቦታው። እኔን ያከሰረኝ ይሄ ነው። የቤቴ ወለል እንጨት ነው። መጀመሪያ አንድ የመሐንዲሶች ቢሮ ሄጄ ነበር። ሰውየው ፕላኑን እንኳን ሳይገልጠው «ለዓሣ ብለህ ነው የመጣኸው?» ብሎ መለሰኝ። እስካሁን ያናድደኛል። እልህ ያዘኝና በራሴ ግምት አስቀመጥኩት፤ አንዱን ጫፍ ግድግዳው ጋ፣ ሌላውን ወደ ክፍሉ መሃል። ለካ ወለሉን ከሥር ከተሸከሙት አግዳሚ እንጨቶች ጋር ትይዩ አድርጌዋለሁ። ያ ሁሉ ክብደት ሁለት አግዳሚ ላይ ወደቀ።

በአራተኛው ወር ውሃው በመሃል በኩል ባለው ጫፍ ከፍ ብሎ ታየኝ። ስለካው ልዩነቱ 1.5 ሳንቲም ነው። ሰው ቢሰበሰብ ተነስቶ ይሄዳል፤ አኳሪየም ግን ሌት ተቀን አንድ ቦታ ይጫናል፣ እንጨት ደግሞ በማያቋርጥ ጭነት ቀስ እያለ ይጎብጣል። ሁለት ቀን ሙሉ ውሃ ስቀዳ፣ ዓሦቹን በርሜል ውስጥ ሳሰፍር ከረምኩ። ኦስካር ከሚባሉት ዓሦቼ ሁለቱ ሞቱብኝ። ከእጄ የሚበሉ ነበሩ።

ሁለተኛው መሐንዲስ ግን እግዜር ይስጠው፣ ተንበርክኮ ወለሉን እያንኳኳ አሳየኝ። አሁን ርዝመቱ ተሸካሚውን ግድግዳ ተከትሎ፣ ስድስት አግዳሚዎችን አቋርጦ ተቀምጧል። ከሥር ቢም (ወለሉን የሚደግፍ ወፍራም አግዳሚ) ገብቶለታል። የቢሙ ምሰሶዎች የቆሙት የታችኛው ቤት ወለል ላይ ሳይሆን ራሱን የቻለ የኮንክሪት መሠረት ላይ ነው። ሦስት ዓመቱ ነው። በየወሩ እለካዋለሁ፤ አንዲት ሚሊ ሜትር አልተነቃነቀም።

ማስቀመጫውን አራት እግር ብቻ አታድርገው። እያንዳንዱ እግር 350 ኪሎ ይዞ መዳፍ በምታክል ቦታ ወለሉን ይወጋዋል። ከታች ዙሪያውን የሚያርፍ ብረት አስበይድለት። ውሃ ከመሙላትህ በፊት በውሃ ልክ አስተካክለው፤ ግማሽ ላይ ስትደርስ ድገመው።

ያንተ ወለል ኮንክሪት ከሆነ ከሶሌታው (ከኮንክሪቱ ወለል) መሃል ራቅ፣ ቢምና ኮለን (ምሰሶ) ወዳለበት ጠጋ አድርገው። መሐንዲሱ ጋ ስትሄድ 1400 ኪሎ በ1.4 ካሬ ሜትር ብለህ ጽፈህ ያዝ። «ዓሣ» የሚለውን ቃል መጨረሻ ላይ አምጣው።