መልስ፦ በካንሰር ባዮሎጂ ማስተርስ መጀመሪያ ምን ልማር?

ከስታቲስቲክስ ጀምሪ። ሐረር ማስተርስ ጀምረሽ «የላቦራቶሪ ወረፋ እስኪደርሰኝ ምን ልማር?» ላልሽው መልሴ ይሄ ነው። አር (R) ከሚባለው የስታቲስቲክስ ፕሮግራም ጋር አብረሽ ተማሪው። ነጻ ነው፣ ተራ ላፕቶፕ ላይ ይሠራል። መለማመጃ አታጪም። ቲሲጂኤ የሚባለው የአሜሪካ የካንሰር ጂኖም ስብስብ የ33 ዓይነት ካንሰር መረጃ ይዟል፤ ብዙው ያለ ክፍያ ይወርዳል።

ቀጥሎ አንድ ካንሰር ምረጪና ሥሩ ድረስ ውረጂ። እኔ ብሆን የማህፀን በር ካንሰርን እመርጣለሁ። አገራችን ውስጥ በሴቶች ላይ ከጡት ካንሰር ቀጥሎ የሚመጣው እሱ ነው። ዋና መንስኤው ኤችፒቪ የሚባለው ቫይረስ ነው፤ ኢ6 በሚባል ፕሮቲኑ የሴሉን ፒ53 ፕሮቲን ያስፈርሳል፤ በኢ7 ደግሞ አርቢ የሚባለውን ፕሮቲን ሥራ ያስፈታል። ፒ53ና አርቢ ሴሉ ዝም ብሎ እንዳይባዛ የሚይዙት ፍሬኖች ናቸው። ይሄን አንድ ታሪክ በደንብ ከያዝሽ የሴል ዑደቱም፣ የዲኤንኤ ጥገናውም አብሮ ይገባሻል።

በሳምንት አንድ ቀን ደግሞ ፓቶሎጂስት (ናሙና አይቶ በሽታ የሚለይ ሐኪም) አጠገብ ማይክሮስኮፕ ላይ ተቀመጪ። ዕጢውን በዓይንሽ ሳታዪ ስለ ጂኑ ብቻ ማውራት ይከብዳል።

አንድ ነገር ግን አደራ፦ ፎርማሊን፣ ናሙናው እንዳይበላሽ የሚነከርበት ፈሳሽ። ድሬዳዋ ናሙና ስሰበስብ የወራት ድካሜ ገደል ገብቷል። ፎርማሊኑ አሲድ እንዳይሆን የሚጠብቀው በፈር አልነበረውም፤ ናሙናውም ለሳምንታት ተዘፍዝፎ ቆየ። ዲኤንኤው ተበጣጥሶ ፒሲአሩ (ዲኤንኤ የሚባዛበት ዘዴ) እምቢ አለ። ለጡት ናሙና የሚመከረው የፎርማሊን ቆይታ ከ6 እስከ 72 ሰዓት ነው። የገባበትንና የወጣበትን ሰዓት ራስሽ ጻፊ፤ ለሌላ ሰው አትተዪው።