የኦሎምፒክ የወንዶች ፊገር ስኬቲንግ፦ እናንተ ጠይቁ፣ እኔ ልመልስ

የወንዶች ፊገር ስኬቲንግን፣ ማለትም ስለት ባለው ጫማ በበረዶ ሜዳ ላይ በሙዚቃ እየተንሸራተቱና እየዘለሉ የሚወዳደሩበትን ስፖርት፣ ስከታተል ብዙ ዓመት ሆኖኛል። የድሮ ውድድሮችን ቪዲዮ ደጋግሜ አያለሁ። የዳኞቹን የነጥብ ወረቀትም ቁጭ ብዬ አነባለሁ። ስለምትወዷቸው፣ ስላናደዷችሁና ስላልገቧችሁ የኦሎምፒክ ውድድሮች ጠይቁኝ ብዬ ነበር፤ ጥያቄው ጎረፈ። የቻልኩትን ያህል እነሆ። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ እህቴ፣ ከሁሉም አንድ ብቻ ምረጪ ብትባዪ የቱን ትመርጫለሽ?

መልስ፦ ካልጋሪ፣ 1988። ምንም አላመነታም።

ሁለት ብራያኖች ነበሩ። አንዱ አሜሪካዊው ብራያን ቦይታኖ፣ ሌላው ካናዳዊው ብራያን ኦርሰር። ቦይታኖ የ1986 የዓለም ሻምፒዮን ነው፤ ኦርሰር ደግሞ የ1987። ኦርሰር የሚወዳደረው በገዛ አገሩ ነው። በመክፈቻው ዕለት የካናዳን ባንዲራ ይዞ የገባውም እሱ ነው። መጀመሪያ አጭር ፕሮግራም፣ በመጨረሻ ደግሞ ረጅም ፕሮግራም የሚባል ትርዒት ይሠራል፤ እስከ ረጅሙ ድረስ አንገት ለአንገት ተናንቀው ነበር። ማን ይብለጥ ማን የሚታወቀው በመጨረሻው ምሽት ነው።

ቀድሞ የገባው ቦይታኖ ነው። የወታደር መለዮ የመሰለ ሰማያዊ ልብስ ለብሷል። ሉትዝ የሚባለውን ዝላይ አንድ እጁን ከራሱ በላይ ዘርግቶ ሠራው። ይሄ የሱ ምልክት ነው፤ ዛሬም ድረስ እጅ ወደ ላይ ተዘርግቶ የሚሠራ ዝላይ በስሙ «ታኖ» ይባላል። እኔን ሁልጊዜ የሚይዘኝ ግን ዝላዩ አይደለም። መሀል ላይ ሙዚቃው ቀስ ይላል። ቦይታኖ ሁለት እግሮቹን ከፍቶ፣ ተረከዙን ከተረከዙ ትይዩ አድርጎ፣ እጆቹን ዘርግቶ ሜዳውን በትልቅ ክብ ይዞረዋል። አይገፋም፣ አይራመድም። እግሩ ሥር ያለው ስለት ብቻ ነው የሚወስደው። ያን ያህል ጭንቀት ባለበት ምሽት ያን ያህል የተረጋጋ ሰው አይቼ አላውቅም።

ኦርሰር ቀይ ለብሶ ገባ። እሱም ጥሩ ሠራ። አንዱን ሦስት ዙር ዝላይ (አየር ላይ ሦስት ጊዜ የሚዞሩበትን) ሲያርፍ ትንሽ ተንገዳገደ። ወደ መጨረሻ አካባቢ ሊሠራው የነበረውን ሁለተኛ ሦስት ዙር አክስል (ከዝላዮቹ አንዱ ነው፤ ወደ ታች እመለስበታለሁ) ወደ ሁለት ዙር ቀነሰው። በቃ፣ ይኸው ነው። ከዘጠኙ ዳኞች አምስቱ ለቦይታኖ፣ አራቱ ለኦርሰር ሆኑ። ወርቁ በአንድ ዳኛ ሄደ።

የምወደው ለዚህ ነው። አንዱ ወድቆ ሌላው ያሸነፈበት ምሽት አይደለም። ሁለቱም ቆመው፣ ሁለቱም አምረው ነው የተለያዩት። ለኔ ትልቅ ውድድር ማለት እንዲህ ያለው ነው።

ጥያቄ፦ ኦርሰር ግን አሳዘነኝ። ከዚያ በኋላ ምን ሆነ?

መልስ፦ እኔንም። ያውም ሁለተኛ ጊዜው ነው እኮ። በ1984 ሳራዬቮ ላይ አጭሩንም ረጅሙንም ፕሮግራም ያሸነፈው ኦርሰር ነበር። ወርቁን የወሰደው ግን ስኮት ሃሚልተን ነው። ምክንያቱ ያኔ ሌላ ሦስተኛ ክፍል ነበር፤ በበረዶው ላይ ክብና ስምንት ቁጥር የሚመስል መስመር በስለት መሳል። ዳኞቹ አጎንብሰው ጭረቱን ይመረምራሉ። ኦርሰር በዚያ ሰባተኛ ወጣ፣ ጉድጓዱም ከዚያ በኋላ አልሞላም። ይሄ ክፍል በኦሎምፒክ ለመጨረሻ ጊዜ የታየው ካልጋሪ ላይ ነው።

ከዚያ በኋላስ? አሰልጣኝ ሆነ። በ2010 ቫንኩቨር ላይ ደቡብ ኮሪያዊቷ ኪም ዩና የሴቶችን ወርቅ ስትወስድ አሰልጣኟ እሱ ነበር። በ2014 ሶቺ ላይ ጃፓናዊው ዩዙሩ ሃንዩ የወንዶቹን ሲወስድም እንዲሁ። በ2018 ደግሞ ሃንዩ ወርቅ፣ ስፔናዊው ሃቪየር ፈርናንዴዝ ነሐስ ሲያገኙ ከሦስቱ ባለ ሜዳሊያዎች ሁለቱ የኦርሰር ልጆች ነበሩ። ሃንዩ ሲሠራ ኦርሰርን ከሜዳው ዳር ተመልከቱት። ልጁ ሲዘል አብሮ ይዘላል።

ጥያቄ፦ ለጀማሪ፦ ዝላዮቹ ሁሉ አንድ ይመስሉኛል። አንዱን ከሌላው እንዴት ነው የምለየው?

መልስ፦ ከአክስል ጀምር። ዝላዮቹ ስድስት ናቸው። አምስቱ የሚነሱት ጀርባ ተሰጥቶ ነው። አክስል ብቻ ፊት ለፊት ይነሳል። ሁሉም ግን የሚያርፉት ወደ ኋላ ነው። ስለዚህ አክስል ሁልጊዜ ግማሽ ዙር ይጨምራል፤ ሦስት ዙር አክስል ማለት በእውነቱ ሦስት ተኩል ነው። ስኬተሩ ወደ ኋላ ሲሄድ ቆይቶ ድንገት ፊቱን ወደሚሄድበት አዙሮ ከተነሳ፣ አክስል ነው። ይሄን ብቻ ይዘህ አንድ ሙሉ ውድድር እይ። ሌላው በራሱ ይመጣል።

በነገራችን ላይ ሳልኮ የሚባለው ዝላይ የሰው ስም ነው። ስዊድናዊው ኡልሪክ ሳልኮ በ1908 ለንደን ላይ የመጀመሪያውን የወንዶች የኦሎምፒክ ወርቅ ወስዷል። ያ ደግሞ የበጋው ኦሎምፒክ ነበር፤ የክረምቱ ገና አልተፈጠረም።

ጥያቄ፦ ቫንኩቨር 2010። ፕሉሼንኮ ተዘርፏል ወይስ አልተዘረፈም? ቁርጡን ንገሪኝ።

መልስ፦ አልተዘረፈም። የፕሉሼንኮ ወዳጆች እንደምትቆጡኝ አውቃለሁ፤ እኔም እወደዋለሁ። ግን ወረቀቱን እንየው።

ከአጭሩ ፕሮግራም በኋላ ሩሲያዊው ፕሉሼንኮ 90.85፣ አሜሪካዊው ኢቫን ላይሳቼክ 90.30 ነበሩ። በረጅሙ ላይሳቼክ 167.37፣ ፕሉሼንኮ 165.51 አገኙ። ድምሩ 257.67 ለ256.36፤ ወርቁ የላይሳቼክ ሆነ። ልዩነቱ 1.31 ነጥብ ነው። ፕሉሼንኮ አራት ዙር ዝላይ ሠርቷል፤ ላይሳቼክ አንድም አልሠራም። ሰውን ያናደደው ይሄ ነው።

አዲሱ የነጥብ አሰጣጥ ግን እያንዳንዱን ነገር ለየብቻ ነው የሚቆጥረው። ያኔ በፕሮግራሙ ሁለተኛ አጋማሽ ለሚሠራ ዝላይ አሥር ከመቶ ጭማሪ ነበረ፤ እግር ስለሚደክም። ላይሳቼክ ብዙ ዝላዮቹን ወደዚያ አሻግሯል። ፕሉሼንኮ ከባድ ከባዱን መጀመሪያ ላይ ጨረሰው። አየር ላይ ሳለም ሰውነቱ ወደ ጎን ያዘነብላል፤ እንደምንም ቆሞ ያርፋል እንጂ ንጹሕ አልነበረም። ላይሳቼክ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ንጹሕ ነበር። ሥነ ጥበቡንና የስኬቲንግ ችሎታውን በሚለካው ክፍል ሁለቱ በረጅሙ ፕሮግራም እኩል 82.80 ነው ያገኙት። ስለዚህ ዳኞቹ አንዱን አላቀፉም፣ ሌላውንም አልገፉም።

ፕሉሼንኮ አንድ ነገር ላይ ግን ልክ ነበር። አራት ዙር የሚከፈለው ዋጋ ለአደጋው አይመጥንም ነበር። ከዚያ ኦሎምፒክ በኋላ የዝላዩ መነሻ ነጥብ ከፍ ተደርጓል። ዛሬ የምናየው የአራት ዙር ዘመን ከዚያ ክርክር ብዙ ተምሯል።

ጥያቄ፦ ያጉዲን ወይስ ፕሉሼንኮ?

መልስ፦ በሶልት ሌክ ሲቲ 2002 ከሆነ፣ ያጉዲን። ሁለቱም ሩሲያውያን በአንድ አሰልጣኝ፣ በአሌክሲ ሚሺን ሥር ነበሩ። አንድ ቤት ለሁለት አንበሳ ጠበበ፤ ያጉዲን ወጥቶ ወደ ታቲያና ታራሶቫ ሄደ። ኦሎምፒኩ ሲደርስ ፕሉሼንኮ በአጭሩ ፕሮግራም ወድቆ አራተኛ ሆነ። በረጅሙ አገግሞ ብር አገኘ።

የያጉዲንን አጭር ፕሮግራም ያላየ ካለ ይይ። ስለ ብርድና በረዶ ነው። እፍኝ የበረዶ ብናኝ አየር ላይ ይበትናል። ከዚያ በጫማው ጥርስ እየሮጠ ያቋርጣል፤ ስኬተር ሳይሆን በበረዶ ውስጥ የሚሮጥ ልጅ ነው የሚመስለው። በረጅሙ ፕሮግራም ደግሞ አራት ዳኞች 6.0 ሰጡት። በዚያ በድሮው የነጥብ አሰጣጥ ከዚያ በላይ ቁጥር የለም።

እዚያው ውድድር ላይ ነሐስ ያገኘውን አሜሪካዊ ቲሞቲ ጌብልንም እንዳትዘሉት። በአንድ ፕሮግራም ሦስት አራት ዙር ዝላይ በኦሎምፒክ የሠራ የመጀመሪያው ሰው ነው።

ጥያቄ፦ ሁለቴ ወድቆ ወርቅ! ሶቺ 2014 አይከብድሽም?

መልስ፦ ምሽቱ ይከብደኛል፤ ውጤቱ ግን ትክክል ነው። ሃንዩ በአጭሩ ፕሮግራም 101.45 አግኝቶ ነበር፤ በአጭር ፕሮግራም ከ100 ያለፈ የመጀመሪያው ሰው ሆነ። ያ ስንቅ ነው ያዳነው። በረጅሙ ሁለት ጊዜ ሲወድቅ በሩ ወለል ብሎ ተከፈተ። ቀጥሎ የገባው ካናዳዊው ፓትሪክ ቻን ነው። የሚያስፈልገው ንጹሕ ፕሮግራም ብቻ ነበር። እሱም ተሳሳተ፤ አንዴ እጁን በረዶው ላይ አሳረፈ፣ ሌላውንም ዝላይ አበላሸ። 280.09 ለ275.62። የካናዳ ወንዶች በዚህ ስፖርት እስካሁን የኦሎምፒክ ወርቅ አላገኙም፤ ያን ምሽት ሳየው ካናዳውያኑ ኦርሰርና ኤልቪስ ስቶይኮም ትዝ ይሉኛል።

ደግሞም ሃንዩ ያኔ 19 ዓመቱ ነው። በ2011 የጃፓኑ የመሬት መንቀጥቀጥ የደረሰበት በትውልድ ከተማው ሴንዳይ፣ በረዶው ላይ እየተለማመደ ነው። የስኬቲንግ ጫማውን እንኳ ሳያወልቅ ነው ሮጦ የወጣው። ከዚያ በሦስት ዓመቱ በዚህ ስፖርት የኦሎምፒክ ወርቅ ያጠለቀ የመጀመሪያው እስያዊ ወንድ ሆነ።

ነሐሱን የወሰደው የካዛክስታኑ ዴኒስ ቴን ነው። ከአጭሩ በኋላ ዘጠነኛ ነበር። በ2018 አልማቲ ውስጥ በሌቦች ተወግቶ ሞተ፤ ገና 25 ዓመቱ ነበር። ስሙን ሳላነሳ ማለፍ አልችልም።

ጥያቄ፦ ሜዳሊያ ካላገኙት ውስጥ የማይረሳሽ?

መልስ፦ ሁለት አሉ።

አንዱ እዚያው ሶቺ ላይ ነው። አሜሪካዊው ጄረሚ አቦት በአጭሩ ፕሮግራም የመጀመሪያ ዝላይ ላይ ክፉኛ ወደቀ። ተንሸራቶ ከሜዳው ግድግዳ ጋር ተላተመ። ጎኑን ይዞ ተኛ። ሙዚቃው ይሄዳል፣ እሱ አይነሳም። አበቃለት ስል ተነሳ። ተመልካቹ ጮኸለት። ጥርሱን ነክሶ የቀሩትን ዝላዮች በሙሉ ሠራ።

ሁለተኛው አሜሪካዊው ኔታን ቼን በ2018። ለወርቅ ታጭቶ መጥቶ በአጭሩ ፕሮግራም ተበላሽቶበት 17ኛ ወጣ። በማግስቱ የሚያጣው ነገር አልነበረም። ስድስት አራት ዙር ዝላይ ሞከረ፤ አምስቱ ጥርት ያሉ ናቸው። 215.08 አግኝቶ የረጅሙ ፕሮግራም አንደኛ ሆነ፣ በድምር ግን አምስተኛ። ከአራት ዓመት በኋላ ቤጂንግ ላይ በአጭሩ 113.97፣ በድምሩ 332.60 አግኝቶ ወርቁን ወሰደ። ለኔ ያ ወርቅ የጀመረው በዚያ በ17ኛው ማግስት ነው።

ጥያቄ፦ ናጋኖ 1998ን ረሳሽው?

መልስ፦ አልረሳሁትም። ሩሲያዊው ኢሊያ ኩሊክ ወርቁን በንጹሕ ፕሮግራም ነው የወሰደው፤ ይገባዋል። ልብ የሚነካው ግን ኤልቪስ ስቶይኮ ነው። የብሽሽት ጉዳት ይዞ ተወዳድሮ ብር አገኘ። ሜዳሊያውን ሊቀበል ሲወጣ የስኬቲንግ ጫማ ማድረግ አልቻለም፤ በስኒከር ነው የወጣው።

ጥያቄ፦ ሃንዩ ቤጂንግ 2022 ላይ ለምን ያን አራት ዙር አክስል ሞከረ? ቢተወው ሜዳሊያ አያገኝም ነበር?

መልስ፦ ሊያገኝ ይችል ነበር። ግን ሃንዩ ያኔ ሁለት ወርቅ አለው። በተከታታይ ሁለት ወርቅ ያገኘ ሌላ ወንድ ለመፈለግ እስከ ዲክ በተን፣ እስከ 1948 እና 1952 ድረስ መመለስ ነበረብን። ቤጂንግ የሄደው ለሌላ ነገር ነው።

አጭሩ ፕሮግራም ላይ መከራ ገጠመው። ሳልኮውን ሊነሳ ሲል ስለቱ በረዶው ላይ የነበረ ቀዳዳ ውስጥ ገባ። አራት ዙር ሊሆን የነበረው አንድ ዙር ሆነ። ስምንተኛ ወጣ። እንግዲህ በረጅሙ ምን ያደርጋል? ማንም በውድድር ያልተሳካለትን አራት ዙር አክስል ይዞ ገባ፤ አራት ተኩል ዙር ማለት ነው። ወደቀ፤ ዙሩም ትንሽ ጎደለ። ነገር ግን ዳኞቹ አራት ዙር አክስል ብለው መዘገቡት። በይፋ ውድድር እንዲህ ሲመዘገብ የመጀመሪያው ነው። አራተኛ ሆኖ ጨረሰ።

በዚያው ዓመት መስከረም ላይ አሜሪካዊው ኢሊያ ማሊኒን ዝላዩን ቆሞ አረፈበት። የማሊኒንን ቪዲዮ ስታዩ የሃንዩንም አስከትሉ፤ ከመነሳቱ በፊት ያለውን ረጅም መንደርደሪያ ልብ በሉት።

ጥያቄ፦ ዛሬ ማታ ነጻ ነኝ። በየትኛው ልጀምር?

መልስ፦ መጀመሪያ የያጉዲንን አጭር ፕሮግራም። ሦስት ደቂቃ አይሞላም፤ ካልወደድከው ስፖርቱን አትወደውም ማለት ነው። ቀጥሎ ካልጋሪን ክፈት፣ ሁለቱን ብራያኖች በተወዳደሩበት ቅደም ተከተል፣ መጀመሪያ ቦይታኖን። ውጤቱን አውቀኸዋል፣ ግን ለደቂቃ እርሳውና አንተ ራስህ ዳኛ ሁን። ለማን እንደሰጠህ ተመልሰህ ጻፍልኝ። እኔ ለቦይታኖ ነው የምሰጠው። ግን እያንዳንዱን ጊዜ ሳየው እጄ ትንሽ ያመነታል።