ስክሪኑን ጌሙ ይምረጠው

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ የድሮ የጌምቦይ አድቫንስና የፒኤስፒ ጌሞችን፣ ከእነሱም ጋር የኮምፒውተር ኳስ ጌም በአንድ የእጅ መጫወቻ መጫወት እፈልጋለሁ። ስቲም ዴክንና ሮግ አላይን እያወዳደርኩ ነው። በስክሪን አላይ ይበልጣል ይሉኛል። መብራት ግን ቶሎ ቶሎ ይጠፋብናል። የትኛውን ልግዛ? (ከደብረ ማርቆስ)

መልስ፦ ስቲም ዴክን ይግዙ፤ ገንዘብዎ ከፈቀደ ኦሌድ የሚባል ስክሪን ያለውን። በ2023 የወጣው የመጀመሪያው ሮግ አላይ ስክሪኑ 7 ኢንች፣ 1920 በ1080 ፒክሰል (የምስል ነጥብ)፣ 120 ሄርዝ (ምስሉ በሰከንድ 120 ጊዜ የሚታደስ) ነው። የ2022ቱ ስቲም ዴክ፣ ኤልሲዲ የሚባል ስክሪን ያለው፣ ደግሞ 7 ኢንች፣ 1280 በ800፣ 60 ሄርዝ። ሲነጻጸሩ አላይ የሚበልጥ ይመስላል፤ ነገር ግን አላይ በሙሉ ጥራቱ ሲሠራ ለእያንዳንዱ ፍሬም (አንድ ምስል) ከ2 ሚሊዮን በላይ ፒክሰል መሳል አለበት፣ ዴኩ ግን 1 ሚሊዮን ያህል ብቻ ነው የሚስለው። ባትሪያቸው ደግሞ እኩል ነው፤ ሁለቱም 40 ዋት ሰዓት። በ7 ኢንች ላይ ያ ሁሉ ፒክሰል ለዓይን የሚጨምረው ጥቂት ነው፣ ባትሪውን ግን ይበላል።

ለድሮ ጌም ዋናው ነገር የስክሪኑ ትልቅነት ሳይሆን፣ የጌሙ ምስል በሙሉ ቁጥር ተባዝቶ ስክሪኑ ላይ መግጠሙ ነው። የጌምቦይ አድቫንስ ምስል 240 በ160 ነው። በ5 ሲባዛ 1200 በ800 ይሆናል፤ የዴኩን ቁመት ልክክ ብሎ ይሞላል፣ በግራና በቀኝ ቀጭን ጥቁር ብቻ ይቀራል። በ1080 ስክሪን ላይ ግን 6 እጥፍ 960 ነው፣ 7 እጥፍ ደግሞ ያልፋል። በግድ ተለጥጦ እንዲሞላ ከተደረገ አንዱ ፒክሰል ወፍሮ ሌላው ይቀጥናል፤ ምስሉ ሲንቀሳቀስ ጽሑፉና ሣሩ ይርገበገባል። በኢሙሌተሩ (የድሮ ጌሞችን በሌላ መሣሪያ በሚያጫውተው ፕሮግራም) ውስጥ «ኢንቲጀር ስኬል»፣ ማለትም በሙሉ ቁጥር ማባዛት የሚለውን ያብሩት። የፒኤስፒ ባለ ሦስት ገጽታ ጌሞች ይህ አያሳስባቸውም፤ ኢሙሌተሩ ከመነሻው 480 በ272 ከፍ አድርጎ ይስላቸዋል።

ስለ መብራቱ፦ ኦሌዱ ዴክ 50 ዋት ሰዓት ባትሪ፣ 7.4 ኢንች ስክሪን፣ 90 ሄርዝ አለው። ብርሃኑም ከኤልሲዲው ይበልጣል፤ ከቤት ውጭ በቀን ለሚጫወት ይህ ትልቅ ነገር ነው። «20,000» የተጻፈበት ፓወር ባንክ ቁጥሩ እውነት ከሆነ 74 ዋት ሰዓት ይይዛል፤ በመቀየር የሚባክነው ሲቀነስ ኦሌዱን አንድ ጊዜ ቢሞላ ነው። ሲገዙ በታይፕ ሲ 45 ዋት «ፒዲ» (ፈጣን የቻርጅ ስልት) መስጠቱን ያረጋግጡ። ባለ 10 ዋቱ ለስልክ ይበቃል፤ ከባድ ጌም እየተጫወቱበት ግን መጫወቻው ተሰክቶም ባትሪው ይወርዳል። ከባድ ጌም ላይ ፍሬሙን በሰከንድ 40 ይገድቡት። በ30 አንዱ ፍሬም 33.3 ሚሊሰከንድ ይቆያል፣ በ60 ደግሞ 16.7፤ 40 ላይ 25 ነው፣ ልክ መሃላቸው። እጅ ልዩነቱን ያውቀዋል፣ ባትሪውም ይቆያል። ኳሱን ግን ቀለል ያለ ግራፊክስ መርጠው በ60 ይጫወቱት።

ጥያቄ፦ የፒኤስ 4 ጆይስቲኬ ሳልነካው ተጫዋቹን ወደ ግራ ይወስደዋል። የስዊች ጆይኮኔም እንዲሁ ጀምሮታል። ይጠገናሉ ወይስ ይጣሉ? (ከፍኖተ ሰላም)

መልስ፦ አይጣሉ። በስቲኩ ውስጥ የካርቦን ንጣፍ ላይ የሚንሸራተት ትንሽ ብረት አለ፤ ንጣፉ ሲበላ ወይም አቧራ ሲገባበት መሃሉን ይስታል። በመጀመሪያ በጌሙ ሴቲንግ ውስጥ «ዴድ ዞን»ን (ስቲኩ ትንሽ ቢነቃነቅም ጌሙ ችላ የሚለውን መጠን) ጥቂት ከፍ አድርገው ይሞክሩ። ካልበቃ መጫወቻውን አጥፍተው በስቲኩ ሥር ጥቂት ጠብታ 90 በመቶና ከዚያ በላይ አይሶፕሮፒል አልኮል ያድርጉ፣ ስቲኩን ደጋግመው ያዙሩት፣ በደንብ እስኪደርቅ ይተዉት። ዘይትነት ያለው የብሎን ማላቀቂያ ስፕሬይ አይጠቀሙ፤ አቧራ ይይዛል። ችግሩ አቧራ ከሆነ ይድናል፣ ንጣፉ ከተበላ ግን ከጥቂት ጊዜ በኋላ ይመለሳል።

መቀየሩ በሁለቱ ላይ በጣም ይለያያል። ጆይኮን በጀርባው ባለ ሦስት ክንፍ 4 ብሎን አለው፤ ለእሱ የሚሆን ካቻቢቴ ያስፈልጋል። ስቲኩ በ2 ብሎንና በጠፍጣፋ ኬብል ብቻ የተያዘ ስለሆነ ሶልደር የለበትም። የባትሪውን ሶኬት ቀድመው ይንቀሉ፣ የኬብሉን መያዣ በጥፍርዎ ቀስ ብለው ያንሱ፤ በኃይል ከጎተቱት ይሰበራል፣ ከዚያ በኋላ ጥገናው ይከብዳል። አዲሱን በማግኔት የሚሠራውን፣ ሆል የሚባለውን ይግዙ፤ አቅጣጫውን የሚለካው ክፍሉ እርስ በርስ አይፋተግም።

የፒኤስ 4ቱ ስቲክ ግን በ14 እግር ከቦርዱ ጋር በሶልደር የተያያዘ ነው። የስልክ ቦርድ ለሚሠራ ባለሙያ ይስጡት፤ በቤት ውስጥ ሲሞከር ብዙ ጊዜ የቦርዱ መስመር ይላጣል። ከተቀየረ በኋላ መሃሉ ካልገጠመ በኮምፒውተር ካሊብሬት እንዲደረግልዎ (መሃሉ እንዲስተካከልልዎ) አስቀድመው ይነጋገሩ።

ጥያቄ፦ ያገለገለ ስዊች ኦሌድ ልገዛ ነው። ምን ልይ? (ከባሕር ዳር)

መልስ፦ ግራጫና ቀይ ብቻ የሆነ ምስል ስክሪኑን ሞልተው ይመልከቱ፤ የጌም ሜኑ ጥላ ከታየ ኦሌዱ ተቃጥሏል፣ አይጠገንም። ሁለቱንም ስቲኮች በካሊብሬሽን ገጹ ላይ ያዙሯቸው። ዋይፋይ አገናኝተው የጌም መደብሩ መከፈቱንም ይዩ፤ የታገደ ከሆነ አይገባም። ጀርባው ወይም ስክሪኑ በትንሹም ቢሆን ካበጠ ባትሪው ነውና አይግዙ።