አለን ሪክማን ክፉ ሰው ብቻ ነበር እንዴ?

ስለ እንግሊዛዊው የመድረክና የፊልም ተዋናይ አለን ሪክማን የደረሱንን ጥያቄዎች ለዚህ እትም ሰብሰብ አድርገናል። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ ይሁን። ልጆቼ ሃሪ ፖተርን ደጋግመው ሲያዩ እኔም ሳልወድ አብሬ አየሁት። ያ ጥቁር ለባሹ መምህር ስኔፕን የሚጫወተው ሰውዬ ማነው? ሌላ ፊልም ላይም ቀንደኛ ዘራፊ ሆኖ አይቼዋለሁ። ክፉ ክፉውን ብቻ ነው እንዴ የሚሰጡት?

መልስ፦ አለን ሪክማን ይባላል። ዘራፊ ሆኖ ያዩት ዳይ ሃርድ ላይ መሆን አለበት። ሎስ አንጀለስ ውስጥ ሰዎች አግቶ ካዝና የሚሰብረው ጀርመናዊ፣ ሃንስ ግሩበር። የሚገርመው ይሄ በ1988 የወጣው ፊልም ለሪክማን የመጀመሪያ የሲኒማ ሥራው ነው። ያኔ 42 ዓመቱ ነበር።

ታዲያ እስከዚያ የት ነበር? መድረክ ላይ። በ1985 ከሮያል ሼክስፒር ካምፓኒ ጋር «አደገኛ ግንኙነቶች» በሚባለው ቲያትር ቫልሞንት የሚባል ሴት አሳሳች ባላባት ሆኖ ተጫወተ። ትያትሩ ከካምፓኒው መቀመጫ ከስትራትፎርድ ለንደን፣ ከለንደን ደግሞ በ1987 ኒውዮርክ ብሮድዌይ ገባ፤ ሪክማንም ቶኒ ለሚባለው የአሜሪካ የቲያትር ሽልማት ታጨ። የዳይ ሃርድ ሰዎች ያገኙት እዚያ ነው። አሳዛኙ ነገር ግን ትያትሩ ፊልም ሲሆን የቫልሞንት ቦታ ለጆን ማልኮቪች መሰጠቱ ነው። ይሄም ፊልም፣ ዳይ ሃርድም የወጡት በዚያው በ1988 ነው። አንዱ በር ሲዘጋ ሌላው ተከፈተለት ማለት ይቻላል፤ ግን መድረክ ላይ አንተ ነፍስ የዘራህበትን ሰው ሌላው ሲጫወተው ማየት ደስ አይልም።

ለግሩበር መጀመሪያ የታሰበለት ልብስ እንደ ማንኛውም የፊልም አሸባሪ ዓይነት ነበር። ሪክማን ለፕሮዲውሰሩ ለጆኤል ሲልቨር ማስታወሻ ጽፎ ተወለት፦ ሰውዬው ሱፍ ቢለብስስ? ሱፍ ከለበሰ ከታጋቾቹ አንዱ መስሎ መቅረብ ይችላል። ከዚህ ሐሳብ ነው ያ ምርጥ ትዕይንት የተወለደው፤ ግሩበር ከፊልሙ ጀግና ከብሩስ ዊሊስ ጋር ፊት ለፊት ሲገጣጠም ድንገት በአሜሪካኖች አነጋገር እየተንቀጠቀጠ «እባክህ አትግደለኝ» የሚልበት። ለመጀመሪያ ጊዜ የሲኒማ ካሜራ ፊት የቆመ ሰው እንዲህ ሲያስብ አስቡት። መጨረሻ ላይ ከፎቅ ሲወድቅ ፊቱ ላይ የምናየው ድንጋጤም ትወና ብቻ አይደለም። በሦስት እንለቅሃለን ብለውት ቀድመው ነው የለቀቁት። ከታች የአየር ትራስ ተነጥፎለታል፣ ድንጋጤው ግን የራሱ ነው።

ከዚያ በኋላማ ሆሊዉድ «ክፉ ሰው» የሚል ታርጋ ለጠፈበት። በ1991 በሮቢን ሁድ ፊልም የኖቲንግሃምን ሸሪፍ ተጫወተ። መጀመሪያ ሁለቴ እምቢ ብሎ ነበር። የፈለግኸውን አድርግ ሲሉት ግን ተስማማ፤ ስክሪፕቱንም ይዞ ፒዛ ቤት ገባና ከጓደኞቹ ከኮሜዲያኗ ሩቢ ዋክስና ከጸሐፊው ፒተር ባርንስ ጋር ንግግሩን አሳመሩት። ፊልሙ ቢረሳ እንኳ ሸሪፉ አይረሳም። ባፍታ የሚባለውን የእንግሊዝ የፊልም ሽልማትም ያገኘው በዚሁ ነው።

ለጥያቄዎ ቁርጥ ያለ መልስ፦ አይደለም። ደግ፣ አፍቃሪ፣ አስቂኝም ሆኖ ተጫውቷል። በእኔ እይታ ደግሞ «ክፉዎቹም» ቢሆኑ ክፉ ብቻ አይደሉም። እያንዳንዱ ሰውዬ ትክክል ነኝ ብሎ የሚያምን አድርጎ ነው የሚጫወታቸው፤ ለዚህ ነው የሚያስፈሩት።

ጥያቄ፦ 27 ዓመቴ ነው። ዲዛይነር ነኝ፣ ልቤ ግን ትወና ላይ ነው። ሪክማን ዘግይቶ ነው የጀመረው ሲባል ሰማሁ። እውነት ነው ወይስ የማጽናኛ ወሬ?

መልስ፦ እውነት ነው ወንድሜ፣ ያውም ከአንተው ሙያ ነው የመጣው። በ1946 ምዕራብ ለንደን፣ አክተን ውስጥ ተወለደ። ከአራት ልጆች ሁለተኛው ነው። የስምንት ዓመት ልጅ ሳለ አባቱ በሳንባ ካንሰር ሞቱ፤ እናቱ ፖስታ ቤት እየሠሩ አራቱንም በአብዛኛው ብቻቸውን አሳደጉ። እሱ ነፃ የትምህርት ዕድል አግኝቶ ላቲመር አፐር የሚባል ትምህርት ቤት ገባ፤ ቲያትርም እዚያ ቀመሰ። ግን ከእንዲህ ያለ ቤት የመጣ ልጅ «ተዋናይ እሆናለሁ» ብሎ እንጀራ አገኛለሁ ማለት ከበደው። ስለዚህ ግራፊክ ዲዛይን ተማረ፣ ከጓደኞቹ ጋርም የዲዛይን ስቱዲዮ ከፈተ።

ከዚያ በ26 ዓመቱ ራዳ ለሚባለው ታዋቂ የለንደን ድራማ ትምህርት ቤት ፈትኑኝ ብሎ ደብዳቤ ጻፈ። ተፈተነ፣ አለፈ። ከ1972 እስከ 1974 ሲማር ለመተዳደሪያ የታላላቅ ተዋናዮች አልባሽ ሆኖ ሠርቷል፣ ኒጀል ሆውቶርንንና ራልፍ ሪቻርድሰንን እያለባበሰ። እኔ ብሆን ይሄንን እንደ ሁለተኛ ትምህርት ቤት ነበር የምቆጥረው።

አንድ ነገር ግን ልንገርህ። ከራዳ ሲወጣ ማንም ቀይ ምንጣፍ አላነጠፈለትም። በክፍለ ሀገር ቲያትር ቤቶች እየዞረ ትናንሽ ሚና ሲጫወት ከረመ። ሕዝቡ በቴሌቪዥን ያወቀው በ1982 ነው፣ ቢቢሲ ላይ ኦባዳያ ስሎፕ የሚባል አቃጣሪ ቄስ ሆኖ። ከራዳ እስከ ዳይ ሃርድ 14 ዓመት ነው። በ27 ለመጀመር አልረፈደም፤ በ29 ታዋቂ ለመሆን ካሰብክ ግን ሌላ ሰው ምሳሌ ፈልግ።

ጥያቄ፦ ያ ድምፁ! የተፈጥሮ ነው ወይስ የተሠራ?

መልስ፦ ሁለቱም። መንጋጋው ከልጅነቱ ጀምሮ እንደ ልብ አይከፈትም ነበር። ራዳ ውስጥ አንድ የድምፅ መምህር፣ ድምፅህ ከፍሳሽ ቱቦ ውስጥ የሚመጣ ይመስላል ብለውታል። እሱም ለዓመታት ሠራበት። ዛሬ የምንወደው ያ ዝግ ያለ፣ ቃሉን እያጣጣመ የሚለቅ አነጋገር ጉድለቱንና ልምምዱን አንድ ላይ የያዘ ነው።

ጥያቄ፦ ስንት ኦስካር አለው?

መልስ፦ ባዶ። ዕጩ እንኳ ሆኖ አያውቅም። የሩሲያውን መነኩሴ መሳይ ራስፑቲንን ሆኖ በተጫወተበት የ1996ቱ የቴሌቪዥን ፊልም ግን ኤሚ የሚባለውን የቴሌቪዥን ሽልማትም ጎልደን ግሎብንም ወስዷል። መድረክ ላይ ሁሌ ተሳክቶለታል ማለትም አይደለም። በ1998 ከሄለን ሚረን ጋር በናሽናል ቲያትር «አንቶኒና ክሊዮፓትራ»ን ሲጫወቱ ሃያሲዎች አንድም ሳያስቀሩ ማለት ይቻላል ወረዱበት። ትኬቱ ግን ተሸጦ አልቆ ነበር።

ጥያቄ፦ ደራሲዋ የስኔፕን ምስጢር አስቀድማ ነግራዋለች የሚባለው ምንድነው?

መልስ፦ እውነት ነው። መጻሕፍቱ ገና ሦስት ብቻ በነበሩበት ጊዜ ጄ.ኬ. ሮውሊንግ አንዲት ትንሽ ነገር ብቻ ሹክ አለችው። እሱም ለማንም አልተነፈሰም። አዘጋጆቹ ሳይቀሩ ለምን እንዲህ እንደሚጫወት ግራ የሚገባቸው ጊዜ ነበር። ከ2001 እስከ 2011 ስምንት ፊልም ሙሉ ያችን ነገር ይዞ ኖረ። አሁን መጨረሻውን አውቀው የመጀመሪያውን ፊልም መልሰው ይዩት፤ ሃሪን የሚያይበት ዓይን ሌላ ትርጉም ይሰጥዎታል። በነዚያ ዓመታት መሃል የፕሮስቴት ካንሰር ታሞ ቀዶ ሕክምናም አድርጓል። ቢሆንም አላቋረጠም።

ጥያቄ፦ አግብቶ ነበር?

መልስ፦ ነበር፣ ግን ቸኩሎ አይደለም! ሪማ ሆርተንን ያገኛት በ1965 ነው፤ ገና 19 ዓመቱ ሳለ። እሷ የኢኮኖሚክስ መምህርትና የሌበር ፓርቲ የአካባቢ ምክር ቤት አባል ሆነች። የተጋቡት በ2012 ኒውዮርክ ውስጥ ነው፣ ያለ ምንም ድግስ። የብሩክሊንን ድልድይ በእግራቸው ተሻግረው ምሳ በሉ። የ200 ዶላር ቀለበት ገዛሁላት፣ አድርጋው ግን አታውቅም ብሎ ራሱ ቀልዷል። ወሬው ለሕዝብ የተሰማው በ2015 ነው። በፈረንጆቹ ጥር 14 ቀን 2016 በ69 ዓመቱ በቆሽት ካንሰር ለንደን ውስጥ ሞተ።

ጥያቄ፦ ከሃሪ ፖተር ውጪ ከየቱ ልጀምር?

መልስ፦ ዳይ ሃርድን ካላዩ ከዚያ። ቀጥሎ የ1990ውን «ትሩሊ ማድሊ ዲፕሊ» ይዩ። ሞቶ ወደ ፍቅረኛው የተመለሰ የቼሎ ተጫዋች ሆኖ ነው፤ መጀመሪያ ያስለቅሳል፣ ከዚያ መንፈሱ ቤቷን ሲያጨናንቅ ያስቃል። ለስለስ ያለ ፍቅር ከፈለጉ በ1995ቱ «ሴንስ ኤንድ ሴንሲቢሊቲ» ኮሎኔል ብራንደንን ሆኗል፤ ሳይናገር እንዴት እንደሚያፈቅር ልብ ይበሉ። መሳቅ ብቻ ካማረዎት ደግሞ የ1999ኙ «ጋላክሲ ክዌስት» አለ። እዚያ ላይ በአንድ ተራ የቴሌቪዥን ሚና ብቻ የሚታወቅ፣ በዚህም ቆሽቱ ያረረ የሼክስፒር ተዋናይ ነው።