ባርኔጣቸውን ያላወለቁት አምስቱ ሰዎች

ጥያቄ፦ ሬምብራንት የሣላቸውን የአምስተርዳም የጨርቅ ማኅበር ሹማምንት ሥዕል በቅጂ ተመለከትሁ። አምስቱ ሰዎች ቤት ውስጥ ጠረጴዛ ከበው ሳለ ሰፋፊ ጥቁር ባርኔጣቸውን አላወለቁም፤ ከኋላቸው የቆመው ስድስተኛው ሰው ግን ባርኔጣ የለውም። ይህ ትርጉም አለው?

መልስ፦ አዎን፣ አለው። በ17ኛው ክፍለ ዘመን ሆላንድ ወንዶች በቤት ውስጥ፣ በማዕድ ላይም ጭምር፣ ባርኔጣ አድርገው መቀመጣቸው እንደ ነውር አይቆጠርም ነበር፤ የሚያወልቁት ከእነርሱ በላይ ለሆነ ሰው አክብሮት ሲሰጡ ነው። እ.ኤ.አ. በ1662 በተሣለው በዚህ ሥዕል ላይ የሚታዩት አምስቱ የጨርቅን ጥራት እንዲመረምሩ የተሾሙ ሲሆኑ፣ ስድስተኛው የማኅበሩ አገልጋይ ነው። ከሹማምንቱ መካከል ካቶሊክም ፕሮቴስታንትም ነበሩ፤ በሹመት እኩያሞች ስለሆኑ ግን አንዱ ለሌላው ባርኔጣውን አያነሣም።

እኔን ይበልጥ የሚደንቀኝ የአገልጋዩ አቀማመጥ ነው። ሥዕሉ በኤክስሬይ ሲመረመር ሬምብራንት የእርሱን ቦታ ደጋግሞ እንደለወጠ ታውቋል። በመጨረሻ በጥቁር ባርኔጦች መካከል፣ ከተቀመጡት ከፍ አድርጎ አቆመው፤ ማዕረጉ ዝቅተኛ የሆነው ሰው ግንባሩ በብርሃን ተገልጦ የሚታየው በዚህ ምክንያት ነው።

ባርኔጣ የሀብትም ምልክት ነበር። ምርጡ የሚሠራው ቢቨር ከተባለ በውኃ ዳር ከሚኖር እንስሳ ጸጉር ሲሆን፣ ቆዳው በብዛት ከሰሜን አሜሪካ ይመጣ ስለነበር ዋጋው ውድ ነበር። በሴቶች ሥዕል ላይ የምናየው ንጹሕ ነጭ የበፍታ ቆብ ደግሞ የጨዋ እመቤትነት መለያ ነው።

ይሁን እንጂ በሥዕል የምናየው የራስ ልብስ ሁሉ የዘመኑ ሰው የሚለብሰው አይደለም። ሬምብራንት እ.ኤ.አ. በ1640 ራሱን በሣለበት፣ ለንደን በሚገኘው ሥዕል ያደረገው ቤሬት (ለስላሳ ጠፍጣፋ ቆብ) ፋሽኑ ካለፈበት መቶ ዓመት ገደማ ሆኖት ነበር። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት፣ ጣሊያናዊው ሠዓሊ ራፋኤል የሣለውን የጸሐፊውን የካስቲሊዮኔን ምስል በአምስተርዳም ጨረታ ላይ አይቶ በብዕርና በቀለም ንድፉን ወስዶ ነበርና፣ በዚያ ቤሬት ራሱን ከጥንቶቹ ታላላቅ ሠዓሊዎች ጎን ማቆሙ ነው። በዚያው ዘመን በሆላንድ ከተማ በዴልፍት የኖረው ሠዓሊ ቬርሜር የሣላት ባለ ዕንቍ ጕትቻ ልጃገረድ የጠመጠመችው ሰማያዊና ቢጫ ጨርቅም እንዲሁ ከቱርክ አለባበስ የታሰበ ጌጥ ነው፤ የዴልፍት ልጃገረዶች እንዲያ ጠምጥመው አደባባይ አይወጡም ነበር።