የራስሽን ሞደም ግዢ፤ ያንን የ40 ዶላሩን ግን ተይው

እህቴ፣ ጥያቄሽን ላላዩት ባጭሩ ልድገመው። የኬብል ኢንተርኔት አለሽ፤ ፕላኑ 500 ሜጋቢት ነው። ለዕቃ ኪራይ በየወሩ 15 ዶላር ያስከፍሉሻል። እናትሽ የሚጠቀሙበት የቤት ስልክም ከዚያው ካምፓኒ ነው። ኦንላይን አንድ ያገለገለ ሞደም፣ ማለትም ኢንተርኔቱን ከኬብሉ የሚቀበለውን ሳጥን፣ በ40 ዶላር አይተሻል። ልግዛው ወይስ ኪራዩ ይሻለኛል ነው ያልሽው።

እኔ ኪራዩን ከተውኩት ዓመታት አልፈዋል። ከዚያ ወዲህ ለዘመድና ለጓደኛ ሞደም መምረጥና መግጠም የኔ ሥራ ሆኖ ቀርቷል። እዚህ አሜሪካ ትንሽ ኮምፒውተር የሚነካካ ሐበሻ ምን እንደሚጠብቀው ታውቂያለሽ። ካየሁት ተነስቼ የምመክርሽ ግዢ ነው። ግን መጀመሪያ ቢልሽን አውጥተሽ በደንብ አንብቢው።

ሂሳቡ ቀላል ነው። በወር 15 ዶላር በዓመት 180 ይሆናል። ለአንቺ ፕላን የሚሆን አዲስ ሞደም ከ150 እስከ 200 ዶላር አካባቢ ታገኛለሽ። ዋይፋይ የሚሰጠው ራውተር ከሌለሽ 70 ወይም 100 ዶላር ጨምሪበት። ስለዚህ ያወጣሽው ገንዘብ በአንድ ዓመት ተኩል ገደማ ይመለሳል። ጥሩ ሞደም ደግሞ ከዚያ በጣም የበለጠ ዕድሜ አለው። በቅርቡ ቤት ልትቀይሪ ካሰብሽ ወይም ሰፈርሽ ፋይበር እየገባ ከሆነ ግን ትንሽ ታገሺ። የኬብል ሞደም በፋይበር መስመር ላይ አይሠራም፤ እዚያ የሚገጠመው ሌላ ዓይነት ዕቃ ነው። ራውተሩ ግን የትም ሄደሽ ያገለግልሻል።

አሁን ወደ ቢሉ። 15 ዶላሩ ለምን እንደሆነ በትክክል እይው። አንዳንድ ካምፓኒ ሞደሙን በነፃ ሰጥቶ የሚያስከፍለው ለዋይፋዩ ብቻ ነው። እንደዚያ ከሆነ ሞደም መግዛት አያስፈልግሽም፤ ራውተር ገዝተሽ የነሱን ራውተር ትመልሻለሽ፣ አለቀ። ሌላ ቦታ ደግሞ ኪራዩ ገደብ ከሌለው ዳታ ጋር ተጣምሮ ይሸጣል። ዕቃውን ስትመልሺ ያልተገደበው ዳታ አብሮ ይሄዳል፣ ለብቻው ሲገዛ ደግሞ ከኪራዩ ሊበልጥ ይችላል። ቤት ውስጥ ቀኑን ሙሉ ቪዲዮ የሚከፍት ሰው ካለ ይሄ ቀልድ አይደለም። ሁለት ሰዎች «ቆጠብን» ብለው ሞደም ገዝተው ቢላቸው ከፍ ሲል አይቻለሁ፤ ሁለቱም ያላዩት ይህንኑ ነው። የቴሌቪዥን ሳጥን ካለሽም ጠይቂ፤ አንዳንዱ ሳጥን ከራሳቸው ዕቃ ጋር ካልሆነ አይሠራም።

ሕጉ ከአንቺ ጎን ነው። በ2019 የጸደቀው የቴሌቪዥን ተመልካቾች ጥበቃ ሕግ ስሙ ስለ ቴሌቪዥን ይሁን እንጂ ኢንተርኔትን የሚመለከት አንቀጽ አለው። ከዲሴምበር 2020 ጀምሮ ደንበኛው በራሱ ዕቃ እየተጠቀመ አቅራቢው ኪራይ ሊያስከፍለው አይችልም። ዕቃውን ከመለስሽ በኋላ ላለው ጊዜም እንዲሁ። ይህን ወደ መጨረሻው እመለስበታለሁ።

አሁን ቤትሽ ያለው ዕቃ አንድ ሳጥን ይመስላል እንጂ ሁለት ሥራ ነው የሚሠራው። ሞደሙ ከግድግዳው በሚመጣው ክብ የኬብል ገመድ ላይ ያለውን ሲግናል ተቀብሎ ወደ ኢንተርኔት ይቀይረዋል። ራውተሩ ደግሞ ያንን ለስልኩ፣ ለላፕቶፑ፣ ለቴሌቪዥኑ ያከፋፍላል፤ ዋይፋዩም የሱ ነው። ሁለቱን በአንድ የያዘ ዕቃም ይሸጣል። እኔ አልመክርም። የዋይፋይ ቴክኖሎጂ ቶሎ ቶሎ ይለወጣል፣ የኬብል ሞደም ግን ዝግ ይላል። ለየብቻ ከሆኑ ያረጀውን ብቻ ትቀይሪያለሽ። በዚያ ላይ ሞደሙ ገመዱ የሚወጣበት ጥግ ይቀመጥ፣ ራውተሩን ቤቱ መሃል አምጪው። «ኢንተርኔቱ ደካማ ነው» ከሚሉኝ ሰዎች አብዛኞቹ ችግራቸው ሳጥኑ ቁም ሣጥን ውስጥ ወይም ከቴሌቪዥኑ ጀርባ መወሸቁ ነው።

ያንን ያገለገለ ሞደም ተይው ያልኩሽ በዋጋው አይደለም። ሻጩ የራሱ ያልሆነ፣ ከካምፓኒ ተከራይቶ ሳይመልስ የቀረውን ዕቃ እየሸጠልሽ ሊሆን ይችላል። እያንዳንዱ ሞደም ማክ አድራሻ የሚባል የራሱ መለያ አለው። ያ መለያ በሌላ ሰው አካውንት ላይ ካለ ወይም የካምፓኒ ንብረት ሆኖ ከተመዘገበ ደውለሽ ብትለምኚም አያስገቡልሽም። የ40 ዶላርሽ ነገር እዚያ ላይ ያበቃል። ሁለተኛ፣ በዚያ ዋጋ የሚገኘው አብዛኛውን ጊዜ የድሮው ትውልድ ነው።

ስለ ትውልድ ስናወራ፣ የኬብል ሞደሞች የሚሠሩበት ስታንዳርድ ዶክሲስ ይባላል። 3.0 የሚባለው በ2006 ወጣ፣ 3.1 ደግሞ በ2013። በ3.0 ሞደሙ ብዙ ቻናሎችን አንድ ላይ አጣምሮ ነው የሚያወርደው። አንዱ ቻናል ወደ 38 ሜጋቢት ይይዛል። ካርቶኑ ላይ 8 በ4፣ 16 በ4፣ 32 በ8 እያለ የሚጽፈው ይሄንኑ ነው፤ የመጀመሪያው የማውረጃ፣ ሁለተኛው የመላኪያ ቻናል ብዛት። 8 ቻናል ያለው በ300 አካባቢ ይቆማል፤ ለአንቺ 500 አይበቃም። 16 ያለው በወረቀት ላይ 600 ይደርሳል፤ ግን ማታ ማታ ሰፈሩ ሁሉ ሲገባበት ትንፋሽ ያጥረዋል። 3.1 ሲግናሉን በሌላ መንገድ ሰፋ አድርጎ ስለሚጭን በአንድ መስመር ላይ ብዙ ያስተላልፋል። አልገባህም ብለው ቢወቅሱኝም፣ ሰው ዛሬ ገንዘብ አውጥቶ 3.0 ለምን እንደሚገዛ እኔ አይገባኝም።

ሌላም አለ። ኢንቴል የሠራው ፑማ 6 የሚባል ቺፕ የገባባቸው ሞደሞች ችግር እንዳለባቸው በ2016 በሰፊው ታወቀ። አሪስ ኤስቢ6190 የሚባለው ሞደም ዋናው ተጠቃሽ ነበር፤ ጉዳዩ ፍርድ ቤት ድረስ ሄዷል። የእነዚህ ነገር አታላይ ነው። ፍጥነት ስትለኪ ደህና ይመስላል፤ ቪዲዮ ስብሰባ ላይ ግን ድምፅ ይቆራረጣል፣ ጌም የሚጫወት ልጅ ይበሳጫል። መልእክቱ ሄዶ እስኪመለስ ድረስ ያለው ጊዜ ድንገት ድንገት ስለሚዘል ነው። ያገለገለ ዕቃ ገበያ ላይ ዛሬም ታገኛቸዋለሽ፤ በርካሽ የሚሸጡትም በምክንያት ነው።

ስለ አፕሎድ፣ ማለትም ከቤትሽ ወደ ኢንተርኔት ስለሚላከው፣ ብዙ ሰው አይጠይቅም፤ አንቺ ግን ከቤት ትሠሪ ከሆነ ጠይቂ። የኬብል መስመር ከድሮ ጀምሮ ለመላኪያ የተወችው ጠባብ ቦታ ነው፤ እስከ 42 ሜጋኸርዝ ድረስ ያለው ብቻ። አሁን በየከተማው እየሰፋ እስከ 85 እየደረሰ ነው፤ ሚድ ስፕሊት ይሉታል። አፕሎዱ ብዙ እጥፍ የሚያድገው በዚህ ነው። ግን ሞደምሽ ይህን የሚደግፍ ካልሆነ ሰፈሩ ቢሻሻልም አንቺ ባለሽበት ትቀሪያለሽ። 3.1 የተባለ ሁሉ ይደግፋል ማለት አይደለም። ስለዚህ ካምፓኒሽ ድረ ገጽ ላይ የተፈቀዱ ሞደሞች ዝርዝር አለ፤ እሱን በአድራሻሽና በፕላንሽ ፈትሺ። የሞዴሉን ስም እስከ መጨረሻው ፊደልና ቁጥር አመሳክሪ። ሻጩ ካርቶኑ ላይ «ከሁሉም ጋር ይሠራል» ብሎ የጻፈውን አትመኚ።

አሁን የናትሽ ስልክ። ነገሩን ውስብስብ የሚያደርገው እሱ ነው። ከኬብል ካምፓኒ የሚመጣ የቤት ስልክ የሚሠራው በሞደሙ በኩል ነው፤ የስልክ ገመድ መሰኪያ ከኋላው ያለው ሞደም ያስፈልገዋል። ተራ ሞደም ገዝተሽ ብትገጥሚ ኢንተርኔቱ ይሠራል፣ ስልኩ ግን ይሞታል። የስልክ መሰኪያ ያላቸው ሞደሞች ይሸጣሉ፤ ምርጫው ጥቂት ነው፣ ዋጋውም ከፍ ይላል፣ ሁሉም ካምፓኒ ደግሞ የደንበኛ ዕቃ ለስልክ አይቀበልም። ደውለሽ «ስልክ ላለው አካውንት የራሴን ሞደም ትቀበላላችሁ ወይ? የትኛውን ሞዴል?» ብለሽ ጠይቂ። መልሱን በቻት ተቀበዪና ስክሪንሾት አንሺ።

ሌላው መንገድ ስልኩን ከነሱ ማውጣት ነው። ቁጥሩን ይዞ ወደ ኢንተርኔት ስልክ አገልግሎት መዛወር ይቻላል፤ ትንሽ ሳጥን ራውተሩ ላይ ትሰኪያለሽ፣ የናትሽ ስልክ ያው የድሮው ይሆናል፣ ቁጥሩም አይቀየርም። ሁለት ነገር ብቻ አደራ። ቁጥሩ ተዛውሮ እስኪያልቅ ድረስ የድሮውን አገልግሎት እንዳትዘጊ፤ ከዘጋሽው ቁጥሩ ሊጠፋ ይችላል። ሌላው፣ በአዲሱ አገልግሎት ላይ የቤታችሁን አድራሻ ለ911 በትክክል አስመዝግቢ። እናትሽ እንግሊዝኛ ከብዷቸው አድራሻቸውን መናገር ባይችሉ አምቡላንሱ የሚመጣው በተመዘገበው አድራሻ ነውና። መብራት ሲጠፋም ይህ ስልክ አብሮ ይጠፋል፤ ሞደሙንና ራውተሩን ትንሽ የባትሪ መጠባበቂያ ላይ ብትሰኪያቸው ጥሩ ነው። እኔ በአንቺ ቦታ ብሆን ሁለተኛውን መንገድ እመርጣለሁ፤ የስልኩን ወርሃዊ ክፍያም ስለሚቀንስ።

መግጠሙ አያስፈራም። ሞደሙ ሆድ ላይ ያለውን ስቲከር ከመግጠምሽ በፊት በስልክሽ ፎቶ አንሺው፤ ማክ አድራሻው እዚያ ላይ ነው፣ ሲጠይቁሽ ሞደሙን ገልብጠሽ ከመጨነቅ ያድንሻል። ከግድግዳው የሚመጣውን ገመድ በደንብ አጥብቀሽ እሰሪ። ከዚያ በካምፓኒው አፕ ወይም በስልክ ታስመዘግቢያለሽ። ሞደሙ መጀመሪያ ላይ ራሱን እያጠፋ ያበራል። አዲስ ሶፍትዌር ከካምፓኒው እያወረደ ነው፤ አትንቀዪው። አዎ፣ ዕቃው ያንቺ ቢሆንም ሶፍትዌሩን የሚያድሱት እነሱ ናቸው።

ሲረጋጋ በኮምፒውተርሽ ብራውዘር ላይ 192.168.100.1 ብለሽ ግቢ። የሞደሙ የራሱ ገጽ ይከፈታል። የሚወርደው ሲግናል ኃይል ከ-7 እስከ +7 ቢሆን ጥሩ ነው። የሲግናልና የጩኸት ልዩነት የሚለው ከ33 በላይ ይሁን። የሚላከው ከ35 እስከ 49 አካባቢ ቢሆን አትጨነቂ። ይህን ገጽ ማወቅ የራስ ሞደም ላለው ሰው ትልቅ ጉልበት ነው። ምክንያቱም ችግር ሲመጣ የሚሰጡሽ የመጀመሪያ መልስ «የእርስዎ ሞደም ነው» የሚል ነው፤ ይህ የመግዛት እውነተኛው ጉዳቱ ነው። አንድ ዘመዴ ቤት ኢንተርኔቱ በየሰዓቱ እየተቆረጠ፣ ካምፓኒው ሞደም ቀይር እያለ ሰነበተ። ገጹን ስንከፍት የሚላከው ኃይል ከ50 በላይ ነው፤ ሞደሙ መስመሩን ለመድረስ እየጮኸ ነበር። ግድግዳው ጋ ለድሮ ቴሌቪዥን የተሰካ፣ ማንም የማይጠቀምበት ስፕሊተር፣ ማለትም ገመዱን ለሁለት የሚከፍል መሰኪያ፣ አገኘን። እያንዳንዱ ባለ ሁለት መንገድ ስፕሊተር ከሲግናሉ ኃይል ወደ 3.5 ዲሲቤል ይበላል። ነቀልነው፤ ትንሽ ተሻለ። ቁጥሮቹን ይዘን ስንደውል ቴክኒሻን ላኩ፤ ውጭ ያለው የገመድ መጋጠሚያ ዝጎ ተገኘ። ሞደሙ ዛሬም እየሠራ ነው።

ራሱ ዕቃው ቢበላሽ ግን በነፃ የሚቀይርልሽ የለም። ዋራንቲ ያለውን ግዢ፣ ደረሰኙንም ኢሜይልሽ ውስጥ አስቀምጪ።

የመጨረሻው የድሮውን ዕቃ መመለስ ነው፤ እዚህ ላይ ሰነፍ እንዳትሆኚ። አዲሱ ለጥቂት ቀን በሰላም ከሠራ በኋላ የነሱን ከነመብራት ገመዱ ይዘሽ ቢሮአቸው ሂጂ ወይም በፖስታ መልሺ። መለያ ቁጥሩ የተጻፈበት ደረሰኝ ሳትቀበዪ እንዳትወጪ። እኔ ዕቃውን ከመለስኩ በኋላ ኪራዩ ቢሌ ላይ መምጣቱን ቀጥሎ ነበር። ደረሰኙን ስልክላቸው መለሱልኝ። እምቢ ቢሉሽ ለኤፍሲሲ (የአሜሪካ የመገናኛ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት) ኦንላይን አቤቱታ አቅርቢ፤ ክፍያ የለውም፣ ካምፓኒውም በ30 ቀን ውስጥ መልስ መስጠት አለበት። ቅድም ያልኩሽን ሕግ እዚያ ላይ ጥቀሺው።

ሞዴል ከመረጥሽ በኋላ ከመክፈልሽ በፊት እዚሁ ለጥፊው፣ እናየዋለን። የቢሉን ፎቶ የምትለጥፊ ከሆነ ግን የአካውንት ቁጥርሽንና አድራሻሽን ሸፍኚ።