ሁለት ምስማር፣ አንድ ሲባጎ፦ ስለ ኤሊፕስ ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፣ ከደብረ ማርቆስ፦ መምህር፣ «ከሁለት ቋሚ ነጥቦች ያላቸው ርቀት ተደምሮ የማይለወጥ ነጥቦች ስብስብ» የሚለውን ሸመደድኩት እንጂ አልገባኝም።

መልስ፦ ክብ ጎጆ ሲቀየስ መሐል ላይ አንድ ችካል ተተክሎ ገመዱ ይዞራል አይደል? እዚህ ችካሉ ሁለት ነው፤ ፎከስ ይባላሉ። የሲባጎው ጫፎች እዚያ ታስረው በእርሳስ ወጥረህ ስትዞር ከአንዱ የራቅኸውን ያህል ወደ ሌላው ትቀርባለህ፤ ድምሩ የሲባጎው ርዝመት ነው። ችካሎቹን ብታጋጥማቸው ያው የጎጆው ክብ ይመጣል። ሲባጎው በመካከላቸው ካለው ርቀት ጋር እኩል ከሆነ ግን ቀጥ ያለ መስመር ብቻ ይቀርሃል።

ጥያቄ፣ ከቡሬ፦ 100 በ80 ሳንቲ ለሆነ ሞላላ ጠረጴዛ ምስማሩን የት ልምታ?

መልስ፦ ግማሾቹ 50 እና 40 ናቸው። እያንዳንዳቸው በራሳቸው ሲባዙ 2500 እና 1600፤ 2500 ሲቀነስ 1600፣ 900፤ ስኩዌር ሩቱ 30። ከመሐል ግራና ቀኝ 30 ሳንቲ ላይ ይምቱ። ሲባጎውን ምስማሮቹን በሚያቅፍ ቀለበት ያድርጉት፣ ያለዚያ ቋጠሮው ምስማሩ ላይ እየተጠመጠመ ያስቸግራል። የቀለበቱ ዙሪያ 160 ነው፤ ቋጠሮ ስለሚበላ የሚለካው ከተቋጠረ በኋላ፣ ታጥፎ ሲወጠር 80 መሆኑ ነው። ናይለን አይጠቀሙ፤ ይሳብና መስመሩ አንዴ ይወጣል፣ አንዴ ይገባል። እርሳሱን ከጫፉ በላይ ትንሽ ቢከረክሙት ክሩ ወደ ላይ አይሸሽም።

ጥያቄ፣ ከዚያው፦ ለጌጥ 5 ሳንቲ ወደ ውስጥ ገብቼ ባሰምርስ?

መልስ፦ ስፋቱ እኩል ጌጥ ይሆናል፣ ኤሊፕስ ግን አይሆንም። 90 በ70 ኤሊፕስ ከፈለጉ ምስማሮቹም ይንቀሳቀሳሉ፦ ከመሐል 28.3። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው፤ ምስማሩን ሳይነካ ክሩን ብቻ ያሳጥራል።

ጥያቄ፣ ከእንጅባራ፦ ቀርከሃ በሰያፍ ሲቆረጥ አፉ ኤሊፕስ ነው ወይስ እንዲያው ሞላላ?

መልስ፦ ቀርከሃው ፍጹም ክብና ቀጥ ያለ ከሆነ፣ በትክክል ኤሊፕስ። ውፍረቱ 8 ሳንቲ ሆኖ በ45 ዲግሪ ሲቆረጥ 8 በ11.3 ይወጣል። ማረጋገጫው ያምራል፤ ቤልጅጋዊው የሒሳብ ሊቅ ዳንደለን በ1822 (እ.ኤ.አ.) ለሾጣጣ ቅርጽ ያቀረበው ሐሳብ ነው። ለቀርከሃው ልክ የሆኑ ሁለት ኳሶች ከቁርጡ ላይና ታች ሆነው ቁርጡን ይንኩ፤ የሚነኩባቸው ነጥቦች ፎከሶቹ ናቸው። ከአንድ ነጥብ ወደ አንድ ኳስ የሚሰመሩ ታካኪዎች (ኳሱን በአንድ ነጥብ ብቻ የሚነኩ መስመሮች) እኩል ናቸው። ስለዚህ ከቁርጡ ጠርዝ እስከ ፎከሱ ያለው ርቀት፣ በቀርከሃው ግድግዳ ላይ ቀጥ ብሎ ኳሱ እስከሚነካበት ቀለበት ካለው ርቀት ጋር እኩል ነው። የሁለቱ ድምር በቀለበቶቹ መካከል ያለው ርቀት ነው፤ የትም ቆመህ ብትለካ ያው።

ጥያቄ፣ ከቡሬ፦ የጠረጴዛው ጠርዝ ስንት ሳንቲ ይፈጃል?

መልስ፦ ለዙሪያው እንደ ክብ ያለ አጭር ቀመር የለም። የህንዳዊው የሒሳብ ሊቅ የራማኑጃን የግምት ቀመር 283.6 ሳንቲ ይሰጣል፤ ለመገጣጠሚያው ጥቂት ጨምረው ይግዙ።